መግጠምና መዋሐድ፦ በቢላዋ አንገት ላይ የሚነሣ ጥያቄ

ብዙ የነበረ ነገር አንድ የሚባለው መቼና በምን ምክንያት ነው የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ጠገብ ከሆኑት የፍልስፍና ጥያቄዎች አንዱ ሲሆን፣ የነገረ መለኮት ሊቃውንትም ለብዙ መቶ ዓመታት በጥንቃቄ በተመረጡ ቃላት፣ አንዳንዴም እስከ መወጋገዝ በደረሰ ጠብ የተከራከሩበት ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ስለ ነፍስና ሥጋ፣ ስለ መንግሥትና ሕዝብ፣ ከሁሉም በላይ ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ በሚነገርበት ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥያቄ በእጅ ሊዳሰስ፣ መልሱ ሲሳሳትም በዓይን ሊታይ በሚችል መልክ የሚቀርብበት አንድ የእጅ ሥራ አለ፤ እርሱም ቢላዋ መሥራት የጀመረ ሰው በስለቱና በእጀታው መገናኛ ላይ ሁለት የብረት ቁራጮችን ለመግጠም የሚያደርገው ጥረት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በፍልስፍና ጽሑፍ ውስጥ ምን ቦታ አለው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አርስቶትል ራሱ አንድነትን ሲመረምር ስለ ችንካር፣ ስለ ሙጫና ስለ ሣጥን መጻፉን ማስታወስ ይበቃዋል።

በቅድሚያ የነገሩን ክፍሎች በየስማቸው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአረብ ብረት የሚሠራው የቢላዋ አካል ከሚቆርጠው ስለት በተጨማሪ ወደ እጀታው የሚዘልቅ ክፍል አለው፤ ይህ ክፍል ከዚህ በኋላ «ጭራ» ይባላል። ዛሬ ቢላዋ በእጅ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ፣ በተለይም በአሜሪካ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተስፋፋው የግል ቢላዋ ሠሪዎች እንቅስቃሴ ውስጥ፣ ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ጭራው የእጀታውን ሙሉ ቅርጽ ይዞ እንዲቆረጥና በግራና በቀኙ የእንጨት፣ የቀንድ ወይም የአጥንት ልባጥ እንዲደረግበት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቦልስተር የሚሉት፣ በዚህ ጽሑፍ ግን «የአንገት ብረት» የሚባለው፣ ስለቱ አልቆ ልባጡ ከሚጀምርበት ስፍራ ላይ ጭራውን ከሁለቱም ወገን ይዞ የሚቀመጥ ጥንድ ቁራጭ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከናስ፣ ከማይዝግ ብረት፣ ወይም ከመዳብ፣ ከዚንክና ከኒኬል ከተቀመመ ብር መሳይ ቅይጥ ይዘጋጃል። የልባጡን ጫፍ ከእርጥበትና ከመሰንጠቅ ይጠብቃል፤ የቢላዋውን ክብደት ወደ ጣቶች ያቀርባል፤ ለዓይንም መልክ ይሰጣል።

ገጠማው ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱን ቁራጮች በጭራው ላይ አስቀምጦ በችንካር መምታት ነውና። ጀማሪው ግን ከመዶሻው በፊት ረጅም ሥራ እንዳለ ብዙም ሳይቆይ ይረዳል። የናሱ ውስጠኛ ገጽና የጭራው ገጽ ልሙጥ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው፣ በቀረው ስፍራ ሁሉ አየር ይቀመጣል። ልሙጥነትን ለማግኘት ሠሪው በወፍራም መስተዋት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ፣ የናሱን ገጽ በቀለም አጥቁሮ፣ ቁራጩን በወረቀቱ ላይ እያመላለሰ ይፈገፍገዋል። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ሲገለብጠው ቀለሙ የለቀቀበት ስፍራ ከፍ ያለው፣ ጥቁር ሆኖ የቀረው ደግሞ ዝቅ ያለው መሆኑ ይታያል፤ ሥራውም የመጨረሻው ጥቁር ነጥብ እስኪጠፋ ይቀጥላል። ጀማሪ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጣቶቹ ቁራጩን ሲገፉ ሳይታወቃቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙታልና፣ መሐሉ ተስተካክሎ ሳለ ጠርዙ በጥቂቱ ይሸረፋል። ቁራጩ ለብቻው ሲታይ ጉድለቱ አይለይም፤ በጭራው ላይ ባረፈ ጊዜ ግን እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ ብቅ ይላል፣ በሞርሳ ምንም ያህል ቢጠበቅም አይጠፋም።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ ይመጣሉ። የጭራው ቀዳዳዎች ብረቱ በእሳት ከመጠንከሩ በፊት መበሳት ይኖርባቸዋል፤ ከጠነከረ በኋላ ተራ ፑንታ አይበሳውም። የአንገት ብረቱ ቀዳዳዎች ደግሞ ለየብቻ ተለክተው ከመበሳት ይልቅ በጭራው ቀዳዳ በኩል ይበሳሉ፤ እንዲህ ሲሆን ሦስቱ አካላት አንድ መንገድ ይጋራሉ። የቀዳዳዎቹ ውጭኛ አፍ በጥቂቱ እንዲሰፋ ተደርጎ ይሞረዳል፤ ችንካሩም ከአንገት ብረቱ ጋር ከአንድ ዓይነት ናስ ይቆረጥና በሁለቱም ወገን ጥቂት ተርፎ ይገባል። በመስፍ ላይ ተደግፎ በመዶሻ በቀስታ ሲመታ ናሱ ያብጣል፣ ሰፊውን አፍ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ በመጣበት መንገድ ሊመለስ አይችልም። ትርፉ በሊማ ወርዶ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ችንካሩ ከዓይን ይጠፋል፤ ሥራው የሠመረ እንደሆነ የሙያው ሰው እንኳ ችንካሩ የት እንደተመታ በማየት ብቻ መናገር ያዳግተዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ሌላ ሥራም አለ። የአንገት ብረቱ ወደ ስለቱ የሚያየው ግንባር ከመገጠሙ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ተወልውሎ ማለቅ ይገባዋል፤ ከተገጠመ በኋላ ስለቱን ሳይቧጭር ወደዚያ የሚደርስ መሣሪያ የለምና።

እንዲህ የተሠራው ነገር አንድ ነው ወይስ ብዙ? አርስቶትል በ«ፊዚክስ» አምስተኛ መጽሐፍ ነገሮች የሚቀራረቡባቸውን ደረጃዎች ይለያል። ዳርቻዎቻቸው በአንድ ስፍራ የሆኑ ነገሮች ይነካካሉ ይባላል፤ የሚነካኩት ዳርቻዎች አንድና ያው ሲሆኑ ግን ነገሮቹ «ቀጣይ» ይሆናሉ፤ ቀጣይነት ማለትም በመካከል ወሰን ያልቀረበት አንድነት ነው። ሁለት ነገሮች ወደ አንድነት የሚደርሱባቸውን መንገዶች ሲጠቅስ ችንካርን፣ ሙጫን፣ መነካካትንና እንደ ሕይወት ያለው አካል አብሮ መብቀልን በአንድነት ያነሣል። በ«ሜታፊዚክስ» ስምንተኛ መጽሐፍ ደግሞ ነገሮች የሚለያዩት ቁሳቸው በተቀናበረበት መንገድም ጭምር መሆኑን ሲያስረዳ፣ በመቀላቀል የሚገኘውን ብርዝ፣ በመታሰር የሚገኘውን ነዶ፣ በሙጫ የሚገኘውን መጽሐፍና በሚስማር የሚገኘውን ሣጥን በምሳሌነት ያሰልፋል። የአርስቶትል ዝርዝር ዋጋው መልሱ አንድ አለመሆኑን በማሳየቱ ነው፤ ብርዝ አንድ የሆነበት መንገድ ሣጥን አንድ ከሆነበት መንገድ ይለያል፣ ሁለቱም ግን በራሳቸው ልክ አንድ ናቸው።

በዚህ አከፋፈል መሠረት የአንገት ብረት ያለ ክርክር ከሣጥኑ ወገን ነው። ዓይን ግን ከዚህ የተለየ ይመሰክራል፤ ችንካሩ ጠፍቷል፣ በናሱና በአረብ ብረቱ መካከል ያለው መስመር የቀለም ለውጥ ብቻ ሆኗል፣ ጥፍር ሲሄድበት አያሰናክለውም። የቁሱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጊዜ ከዓይኑ ጋር መሟገት ይኖርበታል። ናስ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ከርዝመቱ ከሚሊዮን እጅ 19 ያህሉን ሲረዝም፣ የአረብ ብረት መርዘም ግን 12 ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቢላዋው ከፀሐይ ወደ ጥላ በገባ ቁጥር ሁለቱ በዚያ በማይታየው መስመር ላይ በየራሳቸው ጠባይ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ይዝጋል፣ ሌላው ይወይባል። ከአንድ ናስ የተቆረጡት ችንካሩና የአንገት ብረቱ እንኳ በብርድ የተጣበቁ እንጂ የቀለጡ አይደሉም፤ ቢላዋው ክፉኛ ቢሞቅ ወይም ቢጣመም የችንካሩ ክብ ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መነካካት እጅግ ፍጹም ሲሆን የቀጣይነትን መልክ ይለብሳል፤ መልኩን መልበሱ ግን ባሕርዩን አያስለውጠውም።

ሌላ መንገድ መኖሩ እውነት ነው፤ ያም በእሳት ማዋሐድ ነው። በእንግሊዝ አገር የሸፊልድ ከተማ፣ ቢላዋ ሠሪዎቹ ከ1624 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፓርላማ ሕግ በታወቀ ማኅበር በተደራጁበት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ይሠሩ የነበሩ የገበታ ቢላዎች ስለታቸው ከአረብ ብረት፣ የአንገት ብረታቸውና ጭራቸው ደግሞ ከለስላሳ ብረት ሆኖ ሁለቱ በእሳት ነጭ እስኪሆኑ ግለው በመዶሻ ይበየዱ ነበር። በዚሁ ከተማ ቶማስ ቦልሶቨር የተባለ ቢላዋ ሠሪ በ1740ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቢላዋ እጀታ ሲጠግን ብርና መዳብን ከልክ በላይ በማሞቁ ሁለቱ ተጣብቀው እንደቀሩና፣ ከዚያ በኋላ ሲዳመጡ እንደ አንድ ብረት አብረው ሲሳሱ እንዳገኛቸው ይነገራል፤ ከዚህ ግኝት የሸፊልድ ልብጥ ብር የተባለው ትልቅ ኢንዱስትሪ ተወልዷል። ብሩና መዳቡ በድንበራቸው ላይ በእርግጥ ተዋሕደዋል፤ ይህም አርስቶትል ቀጣይ ወደሚለው ደረጃ ከችንካር ይልቅ እጅግ የቀረበ ነው።

ይሁን እንጂ እሳት ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ስለቱ ነው። ተራ የካርቦን አረብ ብረት ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ በዘይት ውስጥ በድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፤ እንዳይሰበርም ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት እንደገና ይለዝባል፤ የመቁረጥ ችሎታው በሙሉ በዚህ በጥንካሬና በልዝበት መካከል በተገኘው ሚዛን ላይ የቆመ ነው። የቆርቆሮና የብር ቅይጥ የሆነው የመበየጃ ብረት በ221 ዲግሪ ይቀልጣል። ልዩነቱ ጥቂት መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ የነበልባል እሳት እንደ ምድጃ በልክ አይያዝም፣ ቀጭኑ ስለትም ከወፍራሙ አንገት በፊት ይግላል። በሚያብለጨልጨው ብረት ላይ መጀመሪያ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ቀለም ይሮጥበታል፤ ሰማያዊው ስለቱ ጠርዝ ላይ ከደረሰ ቢላዋው መልኩን እንደያዘ ጠባዩን አጥቷል። ልሙጥ ማድረጉ ያታከተው ጀማሪ ክፍተቱን በቀለጠ ብረት ለመሙላት ሲሞክር የሚገጥመው አደጋ ይህ ነው። በአንገቱ ላይ አንድነትን አገኘሁ ሲል አንዱን ወገን ያን ወገን ያሰኘውን ነገር አጥፍቶታል።

እዚህ ላይ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ለምን ያን ያህል ጥንቃቄ እንዳደረጉ ግልጽ መሆን ይጀምራል። ከክርስትና በፊት ኢስጦኢኮች የሚባሉት የግሪክ ፈላስፎች አካላትን በሦስት ይከፍሉ ነበር፤ እንደ እንስሳና እንደ ዛፍ ያሉ አንድ አካል የሆኑ፣ እንደ መርከብና እንደ ቤት ያሉ ከክፍሎች የተገጣጠሙ፣ እንደ ጦር ሠራዊትና እንደ መንጋ ተለያይተው በሥርዐት የተሰበሰቡ። ቢላዋ ከመርከቡ ጋር ከሁለተኛው ወገን ነው። እነዚሁ ፈላስፎች ሁለት ነገሮች የየራሳቸውን ጠባይ ሳያጡ ፈጽመው እርስ በርስ ሊተላለፉ እንደሚችሉ ለማስረዳት የጋለ ብረትን ይጠቅሱ ነበር፤ በጋለ ብረት ውስጥ እሳት ያልደረሰበት ስፍራ የለም፣ ብረቱ ግን ብረት ነው፣ እሳቱም እሳት።

ይህን ምሳሌ የክርስትና አባቶች ተቀብለው ለታላቁ ምሥጢር ተጠቅመውበታል። ከ412 እስከ 444 (እ.ኤ.አ.) የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቄርሎስ የቃልን ሕማም ሲያስረዳ፣ የጋለ ብረት በመዶሻ ሲመታ ብረቱ እንደሚጎዳ፣ የእሳቱ ባሕርይ ግን ከመቺው ጉዳት እንደማይደርስበት ይጠቅሳል። በ431 (እ.ኤ.አ.) በኤፌሶን በተደረገው ጉባኤ የተወገዘው ንስጥሮስ ስለ መለኮትና ትስብእት ሲናገር መያያዝ ወይም መገጣጠም ተብሎ ሊፈታ በሚችል ቃል ይጠቀም ስለነበር፣ ቄርሎስ ይህ ቃል አንድነትን ለመግለጥ አይበቃም ብሎ ተቃውሞታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ በቄርሎስ ትምህርት ጸንታ፣ አንድነቱ ያለ ቱሳሔ ማለትም ያለ መቀላቀል፣ ያለ ውላጤ ማለትም ያለ መለወጥ፣ ያለ ፍልጠት ማለትም ያለ መለያየት መሆኑን፣ በቤት ውስጥ እንደሚያድር ሰው ማደር የሆነውን ኅድረትንም እንደማትቀበል ታስተምራለች።

ከዚህ ትምህርት አጠገብ የአንገት ብረትን ማቆም ድፍረት እንዳይመስል ልዩነቱ በግልጽ መነገር አለበት። በችንካር የተገጠመ ናስ የተዋሕዶ ምሳሌ አይደለም፤ እንዲያውም ቄርሎስ አይበቃም ያለው የመገጣጠም ምሳሌ እርሱ ነው፣ ሁለቱ አንድ መልክ ለብሰው ሁለት ሆነው ይኖራሉና። የቀለጠውና የተበየደው ደግሞ ስለቱን እስከ ማለስለስ ሲደርስ የውላጤ ምሳሌ ይሆናል። በሰው እጅ ሥራ ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ መንገዶች፣ ማለትም ባሕርይን ጠብቆ ሁለት መሆንና አንድ ሆኖ ባሕርይን ማጣት፣ በነገረ መለኮት የተከለከሉት ሁለቱ ወገኖች ናቸው። ዕቃ ሠሪ ሁሉ በእነዚህ ሁለት መካከል ለመምረጥ ይገደዳል፤ ሦስተኛውን መንገድ ለመናገር አባቶች ከችንካርና ከሙጫ ዓለም ወጥተው ወደ እሳት የሄዱትም ስለዚህ ይመስላል፤ የጋለው ብረትም ቢሆን ከምድጃው ከወጣ ብዙ ሳይቆይ ይቀዘቅዛልና፣ ምሳሌው የሚያስረዳው በጋለበት ጊዜ ብቻ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ሳይነሣ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤቶች የምሥጢረ ሥጋዌ መምህራን የጋለ ብረትን በምሳሌነት ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ብረቱን የሚያግለው ቀጥቃጭ ግን በዚያው ኅብረተሰብ ውስጥ ለረጅም ዘመን በንቀት ስም ሲጠራና ከጋብቻ ሲገለል የኖረ ሰው ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነውሩ ሥር የሰደደ በመሆኑ ነበር። ምሳሌውን አክብሮ ምሳሌውን በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ የአስተሳሰብ ጉድለት ነው፤ ጉዳቱም በቀጥቃጩ ላይ ብቻ አልቀረም። ከመስፉ አጠገብ ሊጠየቁ ይችሉ የነበሩ ብዙ ጥያቄዎች በአማርኛ ሳይጠየቁ ቀርተዋል።

ወደ አንገት ብረቱ ሲመለሱ፣ ከባዱ ጥያቄ የሥነ ምግባር ነው። መጋጠሚያው ሁለት ሆኖ ሳለ አንድ መስሎ እንዲታይ መሥራት ማታለል ነውን? ችንካሩን በግልጽ የሚተዉ ሠሪዎች አሉ፤ ክቡ ጫፍ በተለየ ብረት ተሠርቶ እንደ ጌጥ ይታያል፣ እነርሱም ይህን ከእውነተኛነት ይቆጥሩታል። በዚህ አስተያየት ውስጥ የሚከበር ነገር ቢኖርም፣ እውነትና ሐሰት የሚለዩበትን ስፍራ የሳተ ነው። ሐሰቱ ያለው ክፍተት በሚሸፈንበት ስፍራ ነው። ጠርዙ የተሸረፈበት ጀማሪ፣ ገጹን እንደገና በመስተዋቱ ላይ ከመመለስ ይልቅ፣ ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበትን ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ ከናስ ብናኝ ጋር አዋሕዶ ጥቁሩን መስመር ሊሞላው ይችላል። ለጊዜው ቀለሙ ናስ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ ናስ አረብ ብረትን አይነካም፣ በመካከላቸው ሦስተኛ ነገር ቆሟል፤ መልኩ የሚናገረውን ግንኙነት ነገሩ አያውቀውም። በሌላ ወገን፣ ልሙጡ ገጽ ልሙጡን ገጽ በሁሉም ነጥብ ነክቶ መስመሩ ሲጠፋ፣ የመስመሩ መጥፋት የእውነት ውጤት ነው፤ ዓይን ያየው አንድነት በውስጥ ባለው መነካካት ይረጋገጣል። ሁለቱ ሥራዎች በውጭ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው ማንም በማያየው ገጽ ላይ ነው። ማጣበቂያ መጠቀሙ በራሱ ጥፋት አለመሆኑንም መጨመር ተገቢ ነው፤ ብዙ ጥሩ ሠሪዎች እርጥበት እንዳይገባ ከችንካሩ ጋር ስስ ማጣበቂያ ይቀባሉ። ነውሩ ማጣበቂያው የልሙጥነትን ሥራ ተክቶ የቆመ ጊዜ ነው።

በ1976 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የአሜሪካ ስለት ቀጥቃጮች ማኅበር ለማዕረግ የሚቀርብን ሠሪ የሚፈትንበት ሥርዐት ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። የፈተናው ቢላዋ የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ጣውላ እየመታ ለሁለት ይቆርጣል፣ ከዚያም ጸጉር ይላጫል፣ በመጨረሻም ሳይሰበር እስከ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ይህን ያለፈ ሠሪ አምስት ያለቁ ቢላዎችን ለዳኞች ያቀርባል፤ ዳኞቹም ብረት ከብረት፣ ብረት ከእንጨት በተገናኘበት ስፍራ ሁሉ ክፍተት መኖር አለመኖሩን ይመረምራሉ። ገመዱን የቆረጠ ቢላዋ የአንገቱ ክፍተት ምን ይጎዳዋል የሚል ሰው ይኖራል፤ መልሱ ለመቁረጡ ምንም አይጎዳውም ነው። ዳኞቹ በዚያ ስፍራ የሚፈልጉት የሠሪውን እጅ ነው፤ በግዴታ ባልተያዘበት ስፍራ ምን እንዳደረገ።

የጃፓን ሰይፍ አሠራር ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ መልስ ይሰጣል። በስለቱ ሥር ሀባኪ የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመዳብ የሚሠራ አቃፊ ይደረጋል፤ የሚይዘውም በልክ በመግጠሙ ብቻ ነው። ሙሉው እጀታ ደግሞ በጭራው ላይ የሚጸናው መኩጊ በሚባል ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ነው። ችንካሩ በትንሽ መዶሻ ተገፍቶ ሲወጣ እጀታው ከጭራው ይለያል፤ በጭራው ላይም ሠሪው ፈርሞ ከሆነ ስሙ ተቀርጾ ይገኛል። በዚህ አሠራር መለያየት አስቀድሞ የታሰበበት ነው፤ ስለቱ እጀታውን በየዘመኑ ቢለዋውጥም ያው ሰይፍ ሆኖ ይኖራል። ፈረንሳዮች በዣኖ ቢላዋ ስም የሚያነሡት፣ ስለቱም እጀታውም በየተራ ተለውጦ ያው ቢላዋ ነው የተባለው ዕቃ የሚያስነሣው ግራ መጋባት እዚህ አይነሣም፤ የጃፓን ሠሪ የሰይፉ ማንነት በስለቱ ላይ እንዳለ ስሙን በዚያ በመጻፍ አስቀድሞ ወስኗልና።

ይህ ውሳኔ ለአንገት ብረቱ የማይመች ጥያቄ ያስከትላል። አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል መጥረቢያ መጥረቢያ የሆነበትን ነገር ቢያጣ በስም ብቻ መጥረቢያ እንደሚሆን ይናገራል፤ በዚህ መለኪያ የቢላዋ ማንነት በመቁረጡ ነው፣ ክፍሎቹም አንድ የሚሆኑት ሁሉም ለዚህ አንድ ሥራ ስለሚያገለግሉ ነው። ታዲያ ጭራው የእጀታውን ሙሉ ቅርጽ በያዘበት ቢላዋ ላይ የአንገት ብረቱ ቢወገድ፣ ልባጡ ጥቂት ወደ ፊት ተረዝሞ ቢላዋው እንደ ቀድሞው ይቆርጣል። ጀማሪው ከሁሉ የሚበልጠውን ትዕግሥት የሚያፈስበት ክፍል ለቢላዋው ሥራ ከሁሉ ያነሰ አስፈላጊ የሆነው ክፍል ነው። ሥራውን ለአንድነት ምክንያት የሚያደርግ አስተሳሰብ የአንገት ብረትን ጌጥ ብሎ ወደ ጎን ሊተወው ይገደዳል።

ሆኖም ይህ አስተሳሰብ ቢላዋ በእጅ የሚያዝ ዕቃ መሆኑን ይዘነጋል። ቢላዋ ከሚቆርጠው ነገር ጋር በስለቱ እንደሚገናኝ ሁሉ ከሰው ጋር በእጀታው ይገናኛል፤ አመልካች ጣትና አውራ ጣት የሚያርፉት ደግሞ በአንገቱ ላይ፣ ብረት ወደ እንጨት በሚለወጥበት ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ ያለ እርከን ወይም ክፍተት ቀኑን ሙሉ ሥጋ የሚከትፍን ሰው ጣት ይልጣል፣ የእርድ ደምና ውኃ ይቋጥራል፣ ከጊዜ በኋላም ጭራውን ከውስጥ ያዝጋል። የአንገት ብረቱ ለመቁረጥ ሳይሆን ለመያዝ ያገለግላል፤ ያለ መያዝም መቁረጥ የለም። ስለዚህ የዕቃው አንድነት በስለቱ ብቻ አይጠናቀቅም፤ ከሚጠቀምበት እጅ ጋር ባለው ግንኙነትም ይለካል፤ አርስቶትልም በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ አገልጋይን ሕያው መሣሪያ ሲል መሣሪያን ከተጠቃሚው ጋር አያይዞ ማየቱ ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም፤ ሰውን ከመሣሪያ ጋር መቁጠሩ የሚወገዝ ቢሆንም።

ልባጡ እንጨት ስለሆነ በየወቅቱ ያብጣል፣ ይሰበሰባልም፤ ከዓመታት በኋላ በእንጨቱና በናሱ መካከል ቀጭን መስመር መታየቱ በሠሪው ጥፋት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ናሱና አረብ ብረቱ የተነካኩበት ገጽ ግን፣ መጀመሪያ ልሙጥ ከነበረና እርጥበት ካልገባው፣ ችንካሩ እስካለ ድረስ እንደነበረ ይኖራል። አሮጌ ቢላዋ የሚጠግን ሰው ችንካሩን በትራፓኖ በስቶ የአንገት ብረቱን ሲያነሣው፣ በዚያ ገጽ ላይ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረቶች ከዳር እስከ ዳር በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው፣ ወይም ደግሞ በሁለቱ መካከል የተቋጠረ ማጣበቂያ ጠርዙን ከቦት ያገኛል፤ ሥራው መግጠም ነበር ወይስ መሸፈን የሚለውንም ያለ ሌላ ምስክር ከዚያ ለይቶ ያውቃል።